«ከዳ» የምትል ቃል በልጃችን ስም ላይ ስትጻፍ

ወታደር ልጅ ወደ ቤቱ ይዞት ከሚመለሰው ነገር ሁሉ ክብደት የሌለው የስንብት ወረቀቱ ነው። ነገር ግን ጡረታ ማግኘት አለማግኘቱን፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ቢያመለክት የሚሰጠውን መልስ፣ የሰፈር ሰው «ጀግናችን» ወይም «ያ ከሃዲ» ብሎ መጥራቱን የምትወስነው ያቺ ወረቀት ናት። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል መልካሙን ብቻ እናስባለን። ክፉውም ይወረሳል።

ሰሞኑን በጨፋ ሮቢት አንዲት እናት ስለዚሁ ጠየቁኝ። ልጃቸው ለዓመታት አገልግሎ ለዕረፍት መጣና ሳይመለስ ቀረ፤ ስሙ ከከዱት ጋር ተመዘገበ። «ወላሂ ልጄ ፈሪ አልነበረም» አሉኝ። ሌሊት ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚያድረው። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ መሬት ላይ ይወድቃል። በአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ተሰወረና ማታ ማሽላ ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ሲናደድ ልጆቹ አያታቸው ቀሚስ ሥር ይገባሉ። «ይህ ወረቀት ይታረማል ወይ?» ነው ጥያቄያቸው።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ድኅረ አደጋ ጭንቀት ይሉታል። ሰው ከሞት አፍ ከወጣ በኋላ አካሉ ቤት ይገባል፣ አእምሮው ግን ምሽግ ውስጥ ይቀራል። ቅዠት፣ መደንበር፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ ለሚወዱት ሰው እንኳ ደንዝዞ መቅረት ምልክቶቹ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በከሚሴ በኩል ሲያልፍ ልጆቿን ይዛ የሸሸች እናት ከዚህ ጥቂቱን ሳትቀምሰው አልቀረችም።

የዓለም ሐኪሞች ለዚህ ሕመም የዛሬውን ስም የሰጡት ዘግይተው ነው። በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን የቬትናም ጦርነት ካበቃ 5 ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያ በፊት ከግዳጅ የጠፋ፣ የጠጣ፣ ከአለቃው ጋር የተጣላ ወታደር በመጥፎ ስንብት ተባረረ፤ የሕክምናና የድጎማ መብቱንም ብዙ ጊዜ አብሮ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የመከላከያ ሚኒስትሩ ቻክ ሄግል የእነዚህ ሰዎች ማመልከቻ በሰፊ ልብ እንዲታይ መመሪያ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ተከታይ መመሪያ ደግሞ ማስረጃው ከጦሩ መዝገብ ውጭም ሊመጣ እንደሚችል ገለጸ፤ የቤተሰብ፣ የጓደኛና የሃይማኖት አባት ምስክርነት ይቆጠራል። ሕመም ሁሉንም ጥፋት ይሽራል አላሉም። ጥፋቱ ከሕመሙ የመጣ መሆን አለመሆኑ ይመዘን ነው ያሉት። እንግሊዞችም በአንደኛው የዓለም ጦርነት «ከዱ፣ ፈሩ» ብለው የረሸኗቸውን 306 ወታደሮች ምሕረት ያደረጉላቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለሟቾቹ አልደረሰም፤ ስሙን ተሸክመው ለኖሩት ልጆችና የልጅ ልጆች ግን ደረሰ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1983 ዓ.ም. ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት ተበትኖ ወደየቀዬው ተመልሷል። የተቆረጠ እግር ይታያል፤ ቅዠት ግን አይታይም። ዛሬ አያት የሆኑ፣ አሁንም ሌሊት የሚባንኑ አባቶች በየቤታችን አሉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሥራ ጀምሯል። የዛሬዎቹ ወጣቶች የዚያን ትውልድ ዕድል እንዳይወርሱ ጊዜው አሁን ነው።

እኚያን እናት የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገር።

ሕጉ በር አለው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመከላከያና የፖሊስ አባላትንም ያቅፋል። በጤና ጉድለት ከሥራ የወጣ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ጡረታ ይጠብቀዋል፤ ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ከሆነ ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። ሁለቱም የሚረጋገጡት በሕክምና ቦርድ ነው። እንግዲህ መዝገቡ ላይ «በጤና» መባልና «ከዳ» መባል ምን ያህል እንደሚራራቅ አስቡት።

መክዳት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ያው ሕግ ግን በአእምሮ ሕመም ምክንያት ኃላፊነት ሊቀር ወይም ሊቀንስ እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ልጁን ይዞ በር ከማንኳኳት በፊት ጠበቃ ማማከር ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕክምና ነው። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ከሚሴ፣ ካስፈለገም ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ይላካል። ይህ ልጁን ከማሳከሙም በላይ ቀን ያለው፣ ማኅተም ያለው ማስረጃ ይፈጥራል። ቦርድ የሚያምነው እንባችንን አይደለም፣ ካርዱን ነው። «ጂኒ ነው» ብሎ ቁርአን ማስቀራት የለመድነው ነው፤ ዱዓው ይቀጥል፣ ከሐኪም ግን አያስቀር። ጫቱን ለመቀነስም እርዱት። እንቅልፍ ላጣ ሰው ጫት እንቅልፉን ይብስ ያርቅበታል።

ከዚያ ደብተር ያዙ። ከመዝመቱ በፊት እንዴት ያለ ልጅ ነበር? መቼ ተመለሰ? ምን ተለወጠ? በየትኛው ክፍል፣ የት ግንባር ነበር? አብረውት የነበሩት ጓዶቹ እነማን ናቸው? እናት ጽሕፈት ባትችል የልጅ ልጇ ትጻፍላት። መታወቂያውን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ማንኛውንም የሕክምና ካርድ አንድ ላይ አስቀምጡ። አትዘግዩም፤ የጡረታ ጥያቄ የጊዜ ገደብ አለው። በጡረታ ውሳኔ ያልረካም ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይችላል።

እኔ የምመኘው ደግሞ አለ። በሕመም ምክንያት ስማቸው የጠፋ ወታደሮች መዝገብ እንደገና እንዲታይ፣ የእናት ምስክርነትም እንዲቆጠር በግልጽ የሚያዝ መመሪያ ቢወጣ ምንኛ መልካም ነበር! ይህን የምለው የሸሸውን ሁሉ ለማመስገን አይደለም። እስከ መጨረሻው የቆሙት ክብራቸው አይነካም። የታመመውንና የካደውን አንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን ለቆሙትም ፍትሕ አይሆንም፤ ነገ እነሱም ሊታመሙ ይችላሉና።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኚያ እናት ወረቀቱን ከሳጥን አውጥተው ልጃቸውን ጤና ጣቢያ ሊወስዱት ቀን ቆርጠዋል። የወረቀቱ ነገር ጊዜ ይፈጃል፤ ላይሳካም ይችላል። የልጆቹ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠይቅም። አባታቸው ሲደነብር አይተው «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ «አብዷል» ወይም «ዝም በሉ» አትበሏቸው። «አባታችሁ ጦርነት ላይ ታሟል፣ እናሳክመዋለን» በሏቸው።