«ሕዝቡ አይገባውም» ያለው ማን ነው?

«ሕዝቡ ረቂቅ ሥዕል አይገባውም» የምትል አባባል አለች። ሰዓሊው ይላታል፣ ሐያሲው ይደግማታል፣ ጋዜጠኛው ይጽፋታል። እኔም አንድ ሰሞን ጽፌያታለሁ። ዛሬ ንስሐ ልግባ፤ አባባሏ ሐሰት ናት።

ያስጣለችኝ አክስቴ ናት። ቢስቲማ ተወልዳ ቢስቲማ ያረጀች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሰፌድ ሰፊ ናት። ለሕክምና አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ወደ አንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ ይዣት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ሰው የለ፣ ቤት የለ፣ ከብት የለ፤ ቀለምና መስመር ብቻ። ከአንዱ ሥዕል ፊት ቆማ ቆማ፣ «ይኸ ልጅ ቀዩን አብዝቶ ጥቁሩን ገደለው፤ አንድ ዙር ጥቁር ቢመልስበት ወላሂ ያርፍ ነበር» አለች። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሳቁ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ አፈርኩባት።

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ስለ ሥዕሉ የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቻችን የምናወራው ስለ ሰዓሊው ነበር። ሥዕሉን አልወደደችው ይሆናል፤ መውደድና መረዳት ግን ለየቅል ናቸው።

ለምን አይገባት? ዕድሜዋን ሙሉ አለላ ነክራ፣ ወስፌ ጨብጣ፣ ሰውም እንስሳም የሌለበትን ነገር ስታሳምር ኖራለች። የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ፣ ዙሩ የት ላይ እንደሚሰበር እጇ ያውቀዋል። የሸማኔው ጥለትስ? የብራናው ሐረግስ? የመስገጃው ምንጣፍስ? ግጥም የሌለውን ማሲንቆ ሰምቶ «ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ የወሎ ሰው አላጋጠመኝም። ድምፁን ያለ ቃል የሚሰማ ሕዝብ ቀለሙን ያለ ምስል ማየት ያቅተዋል ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

«ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» ባዮችም አሉ። ይህችን ክስ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ቀምሷታል። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ቢያሳይ፣ ኢትዮጵያዊነት ይጎድላቸዋል የሚል ወቀሳ ተከተለው። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት ጸሐፊና አስጌጭ ነበሩ። ያደገው ከሐረግ መካከል ነው። በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ ሞተ። ዛሬ በስሙ ሙዚየም አለ፤ ወቀሳዋ ግን አልሞተችም። ኤልያስ ስሜንም ተመልከቱ። ቀድሞ በክርና በቁልፍ፣ ኋላም ከመርካቶ በተገዛ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ስብርባሪ የሠራቸውን ሥራዎች ታላላቅ ሙዚየሞች አሳይተውለታል። የተሸረበውን ሽቦ አክስቴ ብታየው መጀመሪያ የምትፈትሸው ሽርቡን ነው።

ታዲያ ጉድለቱ የማን ነው? ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ ይህን መንገድ ተጉዞ የአገር ሁሉ ሀብት ሆኗል። ሥዕሉ ግን ወደዚህ ሲመጣ አላየሁም። ቢስቲማ ውስጥ አንድም የሥዕል ዐውደ ርእይ ገጥሞኝ አያውቅም። ያላሳዩትን ሰው «አልገባውም» ማለት ማዕድ ሳያቀርቡ «እንግዳው አልበላም» ብሎ እንደ ማማት ነው። ጉዳቱም የተመልካቹ ብቻ አይደለም። እዚህ የአክስቴ ሥራ «የሴት እጅ ሥራ» ተብሎ በገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ እሷን አይታ የምታድግ ልጅም እናቶቿ የሚሠሩት ጥበብ መሆኑን የሚነግራት የለም።

ስለዚህ ሰዓልያን ሆይ፣ ሸራችሁን ጠቅልላችሁ ደሴ ኑ፤ ኮምቦልቻ ኑ፤ በሐይቅ በኩል አልፋችሁ ቢስቲማም ድረሱ። አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ይበቃችኋል። ያን የተጠማዘዘ የካታሎግ ጽሑፍ እዚያው ተዉት። ራሳችሁ ግን ከሥዕሉ አጠገብ ቁሙ፤ «ጥቁሩ አንሷል» ስትባሉም መልስ ስጡ።

ይህን የምጽፈው ቢስቲማ፣ አክስቴ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው። መጥታችሁ፣ አሳይታችሁ፣ ተጠይቃችሁ ስታበቁ «ሕዝቡ አልገባውም» ካላችሁ፣ ያን ጊዜ እሰማችኋለሁ።