ባሕሩ ደሴ ድረስ አይወጣም

ደሴ ውስጥ ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሌሊት የውኃውን ድምፅ የሰማ ተነሥቶ ጀሪካኑን ይደረድራል፤ እንቅልፍ የጣለው ቀጣዩን ተራ ይጠብቃል። የባሕር በር ነገር በተነሣ ቁጥር በዚህ ኑሮ ውስጥ ያለን ሰዎች «አሰብ በእጃችን ቢሆን ኖሮ ጨዉን አጣርተን እንጠጣው ነበር» እንላለን። ተሳስተናል፤ ስሕተታችንም እየጎዳን ነው።

የባሕር ውኃ ማጣራት ይቻላል። በ1 ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ውኃው በከባድ ግፊት በረቂቅ ሜምብሬን ውስጥ ሲገፋ ንጹሑ ያልፋል፣ ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል። ለ1 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ለ50 ጀሪካን፣ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። የእስራኤልና የባሕረ ሰላጤው ትላልቅ ጣቢያዎች ይህን ያህል ውኃ ከ1 ዶላር በታች ያመርታሉ። ነገር ግን ይህ ባሕሩ ዳር ያለው ዋጋ ነው።

ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ያንኑ 50 ጀሪካን እዚህ ለማውጣት፣ ፓምፑ ምንም ባያባክን እንኳ፣ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ከማጣራቱ ይልቅ ማውጣቱ እጥፍ ያህል ይበላል። ዝቅ ብላ ላለችው ለኮምቦልቻም 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በሚሌና በባቲ በረሃውን አቋርጦ የሚመጣው ቱቦ ገና አልተቆጠረም።

ጅቡቲን እንይ። ባሕሩ ደጇ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ዶራሌ ላይ ማጣሪያ ከፍታለች። ሆኖም ከዚያ በፊት፣ በ2017 እ.ኤ.አ.፣ ከሶማሌ ክልላችን የከርሰ ምድር ውኃ የሚወስድ ረጅም ቱቦ ዘርግታ ነበር። ባለባሕሯ የእኛን ጉድጓድ ፈልጋ ስትመጣ፣ እኛ የእሷን ባሕር እንመኛለን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

ምኞቱ የሚጎዳን ዓይናችንን ከቦርከና ወንዝ ስለሚያነሣ ነው። ተመራማሪዎች የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሚለቀቅባቸው የቦርከና ገባር ጅረቶች ውስጥ ክሮሚየም ለክተው አግኝተዋል። ከታች ደግሞ ያንን ውኃ ከብት ይጠጣዋል፣ ገበሬ ያጠጣበታል። ሜምብሬኑ ለወሎ የሚጠቅመው እዚህ፣ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነው፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ተሠርቷል። ፍሳሹ ከባሕር ውኃ ያነሰ ጨው ስለሚይዝ የሚፈልገው ጉልበትም ያነሰ ነው። ኮምቦልቻም ይህንኑ ልትጠይቅ ይገባታል።

የቤታችንንም እንቁጠር። ደሴ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው 50,000 ሊትር ነው። ግማሹ እንኳ በአሸንዳ ሮቶ ውስጥ ቢገባ 1,250 ጀሪካን ይሆናል። ዛሬ ግን ከጣራው ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ገደሉ ይሄዳል።

አስቀድመን የሚያፈስሰውን ቧንቧ እንጠግን፣ አሸንዳ እንስቀል፣ ፍሳሹን ከወንዙ እንከልክል። ጦሳ ተራራ ላይ የሚዘንበውን ውኃ ፀሐይ ከጨው ለይታዋለች፣ ደመናም ያን ሁሉ ዳገት ተሸክሞ አውጥቶታል። ለዚህ የከፈልነው ሳንቲም የለም፤ የቀረን ማስቀመጫ ማዘጋጀት ብቻ ነው።