ሠርገኛ ሳይመጣ በርበሬው ይቀንጠስ

የስፖርት ገጽ አንባቢ ጋዜጣ ሲገልጥ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው የት ነው ቢባል መልሱ አያጠያይቅም። የደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ነው። ማን መራ፣ ማን ወረደ፣ የማን የግብ ክፍያ ተሻለ የሚለው ሁሉ እዚያው አለ። ነገር ግን ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ከኳስ ደረጃ በፊት የሌላ ጨዋታ ስም እንደነበረ ስንቱ ያስታውሰዋል? የቃሉ ባለቤት የሆነው ጨዋታ ተረስቶ ቃሉ ብቻ በየሳምንቱ ይታተማል። ነገሩ ያስቃል፤ ሲያስቡት ደግሞ ያሳዝናል።

ሰንጠረዥ ከሕንድ ተነስቶ በፋርስና በዐረብ አገር በኩል የመጣው የጥንቱ ሻትራንጅ የኢትዮጵያ ልጅ ነው። ስሙም ከዚያው የወጣ ነው። ዓፄ ልብነ ድንግል (ከ1508–1540 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ጨዋታው እስከ ፋሺስት ወረራ ዘመን ድረስ በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ግቢ ሲደምቅ ኖሮ ከዚያ ወዲህ ቦታውን ለፈረንጁ ቼዝ ለቀቀ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩንና ሕጉን አሰባስበው ባያሳትሙ ኖሮ ዛሬ ስለ ጨዋታው የሚወራውም በጣም ባነሰ ነበር።

አሁን ይህን ማንሳት ለምን አስፈለገ? በየአገሩ ያሉትን የቼዝ ዘመዶች በአንድ መድረክ አሰባስቦ በኢንተርኔት ማወዳደር ዛሬ የሚቻል ነገር ስለሆነ ነው። የቻይናው ሺያንግቺ፣ የጃፓኑ ሾጊ፣ የኮሪያው ጃንጊ፣ የታይላንዱ ማክሩክ፣ የበርማው ሲቱዪን፣ የሞንጎሊያው ሻታር ሁሉም የራሳቸው ተጫዋችና ደጋፊ አላቸው። አብዛኞቹን ዛሬ ማንም ሰው በስልኩ ከማያውቀው ሰው ጋር ሊጫወታቸው ይችላል። የቀረው እነሱን በአንድ የውድድር ደንብ ሥር ማሰለፍ ነው። ያ ቀን ሲመጣ ሰንጠረዥ በድልድሉ ውስጥ ይኖራል ወይ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ በተካሄደው የዓለም የአእምሮ ስፖርቶች ውድድር ቼዝ፣ ብሪጅ፣ ዳማ፣ ጎ እና ሺያንግቺ ጎን ለጎን ተካሂደዋል። ሺያንግቺ በ2010 የጓንግዡ የእስያ ጨዋታዎች ላይ፣ ኋላም በ2023 በተካሄደው የሃንግዡ ውድድር ላይ ሜዳሊያ አስገኝቷል። በዚያው በ2023 ካምቦዲያ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎችን ስታዘጋጅ ኡክ ቻክትራንግ የተባለውን የራሷን ባህላዊ ቼዝ የውድድሩ አካል አድርጋዋለች። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። የአንድን አገር ጨዋታ ወደ መድረክ የሚያወጣው መጀመሪያ ባለቤቱ ነው።

ይሁንና እንዲህ ዓይነቱን ውድድር ማዘጋጀት ሲያወሩት እንጂ ሲሠሩት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ራስ ምታት የነጥብ አሰጣጡ ነው። ሁሉም ተወዳዳሪ ሁሉንም ጨዋታ ይጫወት ከተባለ ነገሩ እንደ አትሌቲክሱ ዴካትሎን ይሆናል። ዴካትሎን ላይ በሩጫ የበዛ ነጥብ ቢሰጥ ወርዋሪው ተበደልኩ እንደሚለው ሁሉ እዚህም ያው ነው። ማክሩክ፣ ሲቱዪን፣ ሻታርና ሰንጠረዥ ለሻትራንጅ ቅርብ ስለሆኑ አንዱን የለመደ ሰው ሌላውን ቶሎ ይይዛል። የማክሩኳ ንግሥት እንደ ሰንጠረዡ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የምትራመደው። የሺያንግቺ መድፍና ወንዝ ወይም የማረኩትን ጠጠር መልሶ ለራስ የሚያሰልፈው ሾጊ ግን ሌላ ዓለም ነው። አራት ጨዋታ ከአንድ ወገን፣ ሁለት ጨዋታ ከሌላው ወገን ከተመረጠ ውጤቱ ገና ሳይጀመር ታውቋል ማለት ነው። ስለዚህ ነጥቡ በጨዋታ ብዛት ሳይሆን በቤተሰብ ቢከፈል፣ ማለትም የሻትራንጅ ወገኖች አንድ ላይ፣ የሩቅ ምሥራቆቹ አንድ ላይ እኩል ክብደት ቢይዙ ፍትሐዊ ይሆናል።

ሁለተኛው ጣጣ «አቻ» የሚባለው ነገር ነው። በቼዝ ንጉሥ ሳይጠቃ መንቀሳቀሻ ካጣ ጨዋታው አቻ ነው። በሺያንግቺ ግን መንቀሳቀሻ ያጣው ይሸነፋል። በጃንጊ ተራን ማለፍ ይቻላል፤ በኦፊሴል ውድድርም ጨዋታው ካልተቋጨ ጠጠር በነጥብ ይቆጠራል፣ ሁለተኛ ለሚጀምረውም አንድ ተኩል ነጥብ ማካካሻ ይሰጠዋል። በሾጊ አንድ አቋም አራት ጊዜ ከተደጋገመ ጨዋታው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። በሞንጎሊያው ሻታር ደግሞ በፈረስ ማት ማድረግ አይፈቀድም። አንድ ዳኛ ይህን ሁሉ በቃሉ ይይዛል ተብሎ አይጠበቅም። እዚህ ላይ ነው ኮምፒዩተሩ የሚያግዘው። ሕጉ አንዴ በትክክል ከተጻፈለት አይደክምም፣ ለወገኑም አያዳላም። ቻይንኛና ጃፓንኛ ፊደል ማንበብ ለሚቸግረውም ጠጠሮቹን በሥዕል ቀይሮ ማሳየት ይችላል።

ሰንጠረዥ ጋ ሲደረስ ግን ነገሩ ይጠጥራል። ለምን ቢሉ ወረራ አለ። በሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ ብሎ ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ጀምረው፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ መደቁን ይገፋል፣ ፈረሱን ያወጣል፣ ካልተስማማውም ይመልሳል። ወረራው የሚያበቃው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ተራ በተራ መጫወት ከዚያ በኋላ ይጀመራል። ይህ በዓለም ላይ ካሉት የቼዝ ዓይነቶች ሰንጠረዥን ለብቻው የሚያቆም ጠባይ ነው።

አንድ ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ወረራ ጨዋታ ነው። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ቶኪዮ ሲሆን ግን የኮኔክሽን እሽቅድምድም ይሆናል። ግማሽ ሰከንድ የዘገየበት ተጫዋች የባላጋራውን እጅ የሚያየው ካለፈ በኋላ ነው። «እኔ ቀድሜ በላሁ»፣ «የለም እኔ ነኝ» የሚለው ጭቅጭቅ ማብቂያ አይኖረውም።

አቋራጭ የሚፈልጉ ሰዎች ምን እንደሚሉ ከወዲሁ ይታወቃል። ወረራው ይቅርና እንደ ቼዝ ተራ በተራ ይጀመር ይላሉ። ይህ ግን ሰንጠረዥን ውድድር ውስጥ አስገብቶ ሰንጠረዥነቱን ደጅ ማስቀረት ነው። ወረራ የሌለው ሰንጠረዥ ሌላ የሻትራንጅ ቅጂ ከመሆን አያልፍም። የተሻለው መንገድ ሁለቱም ተጫዋቾች እንቅስቃሴያቸውን በድብቅ አስገብተው ኮምፒዩተሩ ባንድ ጊዜ እንዲገልጠው ማድረግ ነው። መንቀሳቀስ ያልፈለገ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሁለት ጠጠር አንድ ቤት ላይ ከተገናኘ ሁለቱም ይመለሳሉ። መበላላት ሲጀመር ወረራው ያበቃል። በዚህ ዓይነት የኢንተርኔቱ ፍጥነት ለማንም አይጠቅምም፣ ማንንም አይጎዳም። የእጅ ቅልጥፍናው በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሐሳቡ ግን ይተርፋል። ይህ ይሁን አይሁን መወሰን ያለባቸው ግን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆኑ ጨዋታውን ከአባቶቻቸው የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አያስከብርም፤ እንዴት እንዳሸነፉ ይታያል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መውጫ ማሳጣት እንደ ጥበብ አይቆጠርም። በፊልና በፈርዝ የተደረገ ማት ይመሰገናል፤ በመደቅ የተደረገው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ለሁሉም ማት አንድ ዓይነት ነጥብ ከተሰጠ ይህ ወግ ይሞታል። ለመደቅ ማት ተጨማሪ ግማሽ ነጥብ ቢሰጥ ምን ይጎዳል? ተመልካቹስ ቢሆን የሚወደው እንዲህ ያለውን አይደለም እንዴ?

የኢንተርኔት ውድድር የራሱ መዘዝም አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የመጀመሪያውን የኢንተርኔት ኦሊምፒያድ ሲያካሂድ ለፍጻሜ የደረሱት ሕንድና ሩሲያ ነበሩ። ጨዋታው እየተካሄደ የኢንተርኔት ችግር ተፈጥሮ የሕንድ ተጫዋቾች ከመስመር ወጡ፤ በመጨረሻም ሁለቱም አገሮች አሸናፊ ተባሉ። በዚያው ዓመት የፕሮ ቼዝ ሊግን ዋንጫ ያነሳው የአርሜኒያ ክለብ አንድ ተጫዋቹ ከውጭ እርዳታ አግኝቷል ተብሎ ዋንጫው ተነጥቋል። ኢትዮጵያም ብትሆን በዚያው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት ተቋርጦባት እንደነበር አይዘነጋም። ስለዚህ መስመር ሲቆረጥ ጨዋታው ከቆመበት ይቀጥላል ወይስ ይሰረዛል የሚለው ከውድድሩ በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ተጫዋቾችም በየቤታቸው ሳይሆን በየከተማው በተዘጋጀ አዳራሽ፣ ዳኛ ባለበት ቢጫወቱ ሐሜቱ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሰንጠረዥ ሳይታሰብ አንድ ጥቅም አለው። ቼዝን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፕሮግራም በየኪሱ ባለው ስልክ ላይ አለ። ወረራን አሳምሮ የሚጫወት ፕሮግራም ግን እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ታዲያ ሥራው የማን ነው? የኢትዮጵያ ቼዝ ፌዴሬሽን፣ የባህል ስፖርቶችን የሚመሩ አካላትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ገበጣን ከባህል ስፖርቶች ተርታ ያስገባ አገር ለሰንጠረዥ ቦታ አያጣም። መጀመሪያ ጨዋታውን የሚያውቁ አዛውንቶች ይፈለጉ፣ ሲጫወቱ ይቀረጹ፤ ከየአካባቢው የሚለያየው ሕግ ተሰብስቦ ለውድድር የሚሆነው ይጽደቅ። ቀጥሎ አነስ ያለ ሙከራ ይደረግ። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉ ሐበሾች በሳምንቱ መጨረሻ እርስ በርስ ቢጫወቱ የሚያስፈልገው ስልክና ትዕግሥት ብቻ ነው። ችግሩም መፍትሔውም እዚያ ይታያል። ማክሩክና ሾጊ ተጫዋቾችን መጋበዝ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

«አሁን እኮ ስንት ችግር እያለ የምን ጠጠር ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። ችግር መኖሩ እውነት ነው። ግን ስታዲየም አይሠራለት፣ ሣር አይተከልለት፣ አሠልጣኝ ከውጭ አይመጣለት! ከባህል ስፖርቶች ሁሉ በርካሽ ወደ ዓለም መድረክ ሊወጣ የሚችል ቢኖር ይኸው ነው። በአንፃሩ ዛሬ ያልተጠየቁት አዛውንት ነገ አይገኙም። ሕጉን ባለቤቱ ካልጻፈው ደግሞ ሌላው እንደመሰለው ይጽፈዋል፤ ወረራውንም አስቸጋሪ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። ያኔ «ይህ የእኛ ጨዋታ አይደለም» ብሎ መጮህ ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሆናል።

ቀይ ጨርቅ፣ በላዩ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር፣ ሠላሳ ሁለት ጠጠር። የጨዋታው ሜዳ ይኸው ነው። የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ስም ለማጻፍ መጀመሪያ ሰንጠረዡ መዘርጋት አለበት።