ማርካችንን ጠብቁልን፣ ሕጋችሁ ግን አይንካን

ቻይናዊ ነጋዴ የሰው ማርክ አስመስሎ ይሠራል የሚለው ክስ ለብዙዎቻችን የትናንት ወሬ ይመስለናል። ክሱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ያን ጊዜ ከሳሾቹ የሄዱበት መንገድም ሊታወስ ይገባዋል ባይ ነኝ።

በቺንግ ሥርወ መንግሥት ማብቂያ፣ እንግሊዝኛ የማያነበው የሻንጋይ ገዢ የእንግሊዝን የጥጥ ጣቃ የሚለየው በላዩ በታተመው ሥዕል ነበር። ሥዕሉን የገለበጠ ሰው ገበያውን ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ቢጮህ እውነት ነበረው፤ ይህን ልክድ አልፈልግም።

ጩኸቱ በውል ላይ የሰፈረው ግን ቻይና በተሸነፈች ማግስት ነው። የቦክሰሮች ዐመፅ በስምንት መንግሥታት ጦር ከተደመሰሰ በኋላ በ1901 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተፈረመው ፕሮቶኮል፣ የንግድ ውሎች እንዲሻሻሉ አስገደደ። በ1902 ሻንጋይ ላይ በተፈረመው የማካይ ውል ሰባተኛ አንቀጽ፣ ቻይና የእንግሊዝን የንግድ ምልክቶች ከሚያስመስሉ ተገዢዎቿ ልትጠብቅ፣ በባሕር ጉምሩኩም ሥር የምዝገባ ቢሮ ልትከፍት ግዴታ ገባች። አሜሪካና ጃፓንም በ1903 ተመሳሳይ ቃል አገኙ። ጉምሩኩን የሚመራው ማን ነበር ቢሉ፣ ሮበርት ሃርት የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ የእንግሊዝ ተገዢ!

ቻይና በ1904 የምዝገባውን ደንብ አወጣች። እነሆ ነገሩ እዚህ ላይ ተገለበጠ። ጠባቂ ሕግ ሲሹ ከነበሩት መንግሥታት መካከል፣ በተለይም ጀርመን፣ ደንቡን ተቃወሙ፤ ደንቡም ታገደ። ሥርወ መንግሥቱ በ1912 ሲወድቅ በሥራ ላይ አልዋለም ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በቀደሙት ውሎች መሠረት የውጭ ዜጋ በቻይና ምድር የሚዳኘው በቆንስሉ ፊት፣ በአገሩ ሕግ ነበር። የምዝገባ ደንብ ግን ምልክቱ የማን እንደ ሆነ የሚወስን ባለሥልጣን ይፈልጋል፤ ያ ባለሥልጣን ቻይናዊ ከሆነ ደግሞ ጀርመናዊውም እንግሊዛዊውም በቻይና ውሳኔ ሥር ሊገቡ ነው። የቻይና ፍርድ ቤት በዚያ ዘመን በማሰቃየት ቃል ይቀበል ስለ ነበር ፍርሃታቸው ሁሉ ሰበብ ነበር አልልም። ነገር ግን ያው የማካይ ውል በዐሥራ ሁለተኛው አንቀጹ፣ የቻይና ሕግ ሲሻሻል እንግሊዝ ልዩ የዳኝነት መብቷን እንደምትተው ይናገራል። ሕጉ ካልተሻሻለ መብቱ አይነሣም፤ ሕጉ ሲመጣ ደግሞ ይታገዳል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይሏል ይህ ነው።

ይህ ለእኛም እንግዳ ታሪክ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተዋዋሉት የክሎቡኮውስኪ ውል፣ ፈረንሳዊ በአዲስ አበባ ተከሳሽ ሲሆን የሚዳኘው በፈረንሳይ ሕግ ነበር። የአገሬው ነጋዴ ከሳሽ ሆኖ ሲቀርብ፣ በገዛ አገሩ የማያውቀውን ሕግ ይጠቀስበታል።

ቻይና የንግድ ምልክት ሕግ ያወጣችው በ1923 ነው። እንግሊዝና አሜሪካ ልዩ የዳኝነት መብታቸውን የተዉት ግን በጥር 1943 ነው፤ ያን ጊዜ ሻንጋይ በጃፓን ጦር እጅ ነበረች።