ከፊልም በፊት ስለሚነፋው መለከትና ስለ ኒውማን ቤተ ሰብ

የሲኒማ ቤቱ መብራት ጠፍቶ የፊልሙ ታሪክ ገና ሳይዠመር ከበሮ ይመታል፤ መለከትም ይነፋል፤ በሸራውም ላይ በፊደል የተሠራ ታላቅ ሕንፃ በብርሃን ዘንጎች መካከል ቆሞ ይታያል። ይህ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሕፃናቱ ጸጥ ይላሉ፤ ጨዋታ የያዘውም ሽማግሌ ጨዋታውን ያቋርጣል። መኰንን ሲመጣ ነጋሪቱና እምቢልታው ቀድሞ እንደሚሰማ፣ ይህም ድምፅ ወደ ኋላ የሚከተለውን ነገር አስቀድሞ የሚያስታውቅ ነው። እኛም ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው የሙዚቃ ዐዋቂዎች ሆነን አይደለም፤ ብንመረምረው የአንድ ቤተ ሰብ ታሪክ ሆኖ ስላገኘነው ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የሚገባ መስሎን ነው። ዓመታቱንም ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1933 ዓመት ጆሴፍ ስኬንክና ዳሪል ዛኑክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ አገር በሆሊውድ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፒክቸርስ የሚባለውን የፊልም ኩባንያ አቋቋሙ። ለኩባንያቸውም ምልክት መግቢያ የሚሆነውን አጭር ዜማ ያወጣላቸው አልፍሬድ ኒውማን ነው። ይህ ሰው ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ ከድኻ ቤት የተወለደ፣ ከ10 ልጆች የመዠመሪያው ነበር። ገና በልጅነቱ በቴያትር ቤት ፒያኖ እየመታ በሚያገኘው ገንዘብ ወላጆቹንና ታናናሾቹን ይረዳ ነበር። ከዚያም በኒው ዮርክ ቴያትሮች የኦርኬስትራ መሪ ሆኖ ሲሠራ ቈይቶ በ1930 ወደ ሆሊውድ መጣ። በኋላ ዘመን 9 ጊዜ የኦስካር ሽልማት የተቀበለና ለብዙ ፊልም ሙዚቃ የደረሰ ሰው ሆኗል፤ ነገር ግን የዓለም ሕዝብ ሁሉ ስሙን ሳያውቅ የሚያውቅለት ሥራ ይህ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰው የመለከት ዜማ ነው።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1935፣ ይህ ኩባንያ ፎክስ ፊልም ከሚባለው ጋራ ተቀላቀለና ስሙ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ተባለ። ፎክስ ማለት በእንግሊዝኛ ቀበሮ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ የሰው ስም ነው። ዊልያም ፎክስ ኩባንያውን በ1915 የመሠረተው ሲሆን፣ በ1930 ሥልጣኑን ከእጁ አወጡበት። በኋላም የከሰረበት ነገር በፍርድ ቤት ሲታይ ለዳኛ ጉቦ ሰጥተሃል ተብሎ ታሰረ። እኛ በችሎት አጠገብ እድሜያችንን የምንፈጽም ጸሓፊዎች ይህን የመሰለ ነገር ስናነብ ብዙ አንደነቅም፤ የሚያስደንቀን ባለቤቱ በወህኒ ሳለ ስሙ በየሸራው ላይ በመለከት መታጀቡ ነው።

ዜማው የተራዘመበትን ምክንያት ደግሞ እንናገር። በ1953 ኩባንያው ሲኒማስኮፕ የተባለውን ሰፊ ሥዕል አወጣ። በዚህም ሥራ የመዠመሪያው ፊልም ዘ ሮብ የሚባለው፣ የክርስቶስን ቀሚስ ታሪክ የሚያሳየው ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን በየቤቱ እየገባ ሕዝቡን ከሲኒማ ቤት ስላስቀረ፣ ኩባንያው በቤት የማይገኝ ስፋት ለማሳየት ፈለገ። ከኩባንያው ምልክት ቀጥሎም የሲኒማስኮፕ ስም በሸራው ላይ እንዲወጣ ሆነ። አሮጌው ዜማ ግን ለአንድ ምልክት ብቻ የተለካ ስለ ነበረ ሁለተኛው ስም ድምፅ አጣ። እንግዲህ ልብስ ለልጁ ቢያጥረው እናት ከታች ጨርቅ እንደምትቀጥልለት፣ ኒውማንም በመለከቱ መጨረሻ ላይ የቫዮሊኖች ዜማ ቀጠለበት። ቅጥያው እንዲህ ያለ ሆኖ ሳለ ማንም ሰው ስፌቱን አያገኘውም።

በኋላ ግን የሲኒማስኮፕ ዘመን አለፈ። ቅጥያውም ሥራ ፈታ፤ መለከቱም ራሱ በየፊልሙ የማይሰማ ሆነ። አልፍሬድ ኒውማንም በ1970 ሞተ። ዜማው የኩባንያው ሀብት እንጂ የልጆቹ ርስት ስላልነበረ፣ ቢረሳም የሚከራከርለት አልነበረም።

ያስነሣው ከቤተ ሰቡ ውጭ የሆነ ሰው ነው። ጆርጅ ሉካስ በ1977 ስታር ዎርስ የሚባለውን ፊልም ሲያወጣ፣ ያን አሮጌ መለከት ከነቅጥያው ከፊልሙ በፊት እንዲያሰሙለት ፈለገ፤ ቅጥያው በሚሰማበትም ጊዜ የራሱን ኩባንያ ስም በሸራው ላይ አወጣ። ሙዚቃውን የደረሰው ጆን ዊልያምስም የፊልሙን መዠመሪያ ዜማ በዚያው በመለከቱ ቅኝት አድርጎ ስለ ጻፈው፣ ሁለቱ አንድ ነገር መስለው ተያያዙ። በዚያን ጊዜ የኩባንያው የሙዚቃ ክፍል አለቃ የሟቹ ወንድም ላየኔል ኒውማን ነበረ።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ዴቪድ ኒውማን የተወለደው በ1954 ነው፤ አባቱ ሲሞት 16 ዓመት አልሞላውም ነበር። አድጎም እንደ አባቱ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሆነ። በ1956 አባቱ በዚሁ ኩባንያ አናስታሲያ ለሚባል፣ ጠፍታ ተገኘች ስለ ተባለች የሩስያ ንጉሥ ልጅ ለሚናገር ፊልም ሙዚቃ ደርሶ ለኦስካር ታጭቶ ነበር። ከ41 ዓመት በኋላ በ1997 ኩባንያው በዚያው ስም በእጅ ሥዕል የተሠራ ፊልም ሲያወጣ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ልጁ ነው፤ እርሱም ለኦስካር ታጨ። በዚያው ዓመት የአባቱን መለከት በአዲስ መሣሪያ እንደ ገና አስቀረጸው፤ ኦርኬስትራውንም በገዛ እጁ መራ።

ብዙ ሰው ይህን ዕድል ቢያገኝ የራሱን ነገር በጨመረበት ነበር፤ እኛም የአባታችንን ጽሕፈት ስንገለብጥ እጃችን እንደሚያሳክከን እናምናለን። ዴቪድ ግን ዜማውን እንደ ነበረ ተወው። ሌሎች በዜማው የተጫወቱ አሉ። በ1992 ኤሊየን 3 በሚባለው ፊልም ላይ ኤሊየት ጎልደንታል መጨረሻውን ከመድረሱ በፊት አስቁሞ በሚያስፈራ ድምፅ አስለቀሰው፤ ይህ ብልኀት ነው እንላለን። በ2018 ቦሄሚያን ራፕሶዲ ለተባለው የኩዊን ባንድ ታሪክ ደግሞ ብሪያን ሜይና ሮጀር ቴይለር በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ መቱት፤ ይህን ልጆች ይወዱታል፤ እኛ አንድ ጊዜ መስማት በቃን።

በ2019 ዲስኒ የሚባለው ኩባንያ ከ71 ሺህ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ኩባንያውን ገዛ። በሚቀጥለውም ዓመት ፎክስ የሚለውን ስም ፍቆ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ስቱዲዮስ አለው። የመሥራቹ ስም ከ100 ዓመት በኋላ ከሕንፃው ላይ ወረደ፤ መለከቱ ግን አልተነካም።

አንባቢዎቻችን ከልጆቻችሁ ጋራ እንዲህ ያለ ፊልም ለማየት በተቀመጣችሁ ጊዜ ስፌቱን ፈልጉ። አስቀድሞ ከበሮው ይመታል፤ ቀጥሎ የሚነፋው መለከት የ1933 ነው፤ መለከቱ ከፍ ብሎ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ፣ ያ የሲኒማስኮፕ ዘመን ቅጥያ ነው።