ሶኬቱ ሳይደርሰን ሞተሩን አትንጠቁን

በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ ወዲያው «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ጭስ ሊቀርላችሁ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። መልእክቱን ያነበብኩት ገለምሶ ላይ፣ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ስልኬ 9 በመቶ ቻርጅ ቀርቶት ነው። ስልኩን ቻርጅ ማድረግ ያቃተውን ሰው መኪና ቻርጅ አድርግ ሲሉት ሳቁም ንዴቱም እኩል ይመጣል።

አቋሜን ሳልሸፋፍን ልናገር። ለገለምሶ፣ ለበዴሳ፣ ለመቻራና ለመሰሎቻቸው ዛሬ የሚሻለው የነዳጅ ሞተር ነው።

መጀመሪያ የሌላውን ወገን እውነት ልስጥ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ነው የምንገዛው። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ91.14 ወደ 101.47 ብር ሲዘል ባጃጅ ነጂው ምን እንደተሰማው አይተናል። ኤሌክትሪካችን ደግሞ ከሞላ ጎደል ከራሳችን ወንዝ የሚመነጭ ነው፤ በኪሎ ሜትር ሲሰላም ከቤንዚን ይረክሳል። ይህን የሚክድ ካለ ከእኔ ወገን አይደለም።

ነገር ግን ርካሽ ነገር የሚጠቅመው ሲገኝ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እኔም እንደማንኛውም ሰው ደረቴን ነፍቻለሁ። ግን ማመንጨት አንድ ነገር፣ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይም ምሰሶ ሲወድቅ ሰፈራችን የሚጨልመው ግድቡ ውሃ አጥቶ አይደለም።

እስቲ ባጃጅ ቆመ እንበል። ነጂው ካንዴላውን ፈትቶ ይጠርጋል፤ እምቢ ካለው ገፍቶ ጋራዥ ያደርሰዋል። እዚያ በታላቅ ወንድሙ እጅ ሥር የተማረ፣ እጁ በዘይት የጠቆረ ልጅ ፍሪሲዮኑን ቀይሮ ያስነሳለታል። የኤሌክትሪኩ ባጃጅ ኮንትሮለር ሲቃጠልስ? ባለሙያ ፍለጋ ጭሮ ይኬዳል፤ ጭሮ ከሌለ አዲስ አበባ፣ ማለትም ከጭሮም በኋላ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። ባጃጁ እስኪመለስ የልጆቹን እራት ማን ያበላል?

ሌላም አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው፣ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይዟል። ሞተሩ ሦስት አራተኛውን በሙቀት ቢያባክነው እንኳ ለቀሪው ኃይል የሚበቃ የሊቲየም ባትሪ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ከገጠር ቀበሌ ወደ ገለምሶ ሆስፒታል ለማምጣት ነጂው ጎረቤቱን ቀስቅሶ በሃይላንድ ጠርሙስ ሁለት ሊትር ቢበደር በሁለት ደቂቃ ይነሳል። ባትሪ አይበደሩትም። ቤንዚን በጠርሙስ ማስቀመጥ እሳት እንደሚያስነሳ አውቃለሁ፤ ያም ቢሆን ሌሊቱን ያሳለፈን እሱ ነው።

ጫታችንንም አስቡ። ጫት እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም፤ ከተቆረጠ በኋላ በቀን በሁለት ቀን ይጠወልጋል። የጫነው መኪና የጨርጨርን ዳገት ወጥቶ ሌሊቱን መገስገስ አለበት። መንገድ ላይ ባትሪ እስኪሞላ ሰዓታት ቢቆም የሚጠወልገው የገበሬው ገቢ ነው። ዕገዳው በአውቶሞቢል ይጀመር እንጂ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ለማየት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ፍትሑ ነው። በ2014 ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ማበረታቻ ተሰጠ፤ ተፈታትቶ የሚገባው ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ሆነ፣ ሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ። ጥሩ። ይህን ያጣጣመው ግን አዲስ መኪና መግዛት የሚችል ሰው ነው። የእኛ ከተማ የሚኖረው በአሮጌ ዕቃ ነው፤ ዕቁብ ደርሶት፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ሌላ ሰው የነዳውን ይገዛል። ያረጀ ሞተር ፒስተንና ፋሻ ቀይረህ ታድሰዋለህ። ያረጀ ባትሪ የገዛ ሰው ግን የሌላውን ሰው ድካም ነው የገዛው፤ አዲስ ልቀይር ቢል የባትሪው ዋጋ ብቻ ወገቡን ይሰብረዋል።

«ከተማው ሁሉ እስኪዘጋጅ ከጠበቅን መቼም አይጀመርም» የሚሉኝ አሉ። ይጀመር! የተዘጋጀው አካባቢ ይጀምር፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስና ታክሲ ይቅደም። ማበረታታትን ማን ተቃወመ? የምቃወመው የአዲስ አበባን አቅም ለክተው የሰፉትን ልብስ ለገለምሶ ማልበስን ነው።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የማይቆራረጥ መስመርና ከዋናው መንገድ ወጣ ባሉ ከተሞችም የቻርጅ ጣቢያ። ሁለተኛ፣ ያንን ዘይት የጠቆረ ልጅ ስለ ባትሪና ኮንትሮለር ማስተማር፤ አለዚያ አዲሱ ቴክኖሎጂ ሥራውን ይዞበት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ እነዚህ ሁለቱ እስኪሟሉ ድረስ ለባጃጅ፣ ለጭነት መኪናና ለመለዋወጫ በሩን አለመዝጋት።

ይህ ሲሟላ ዕገዳ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ነጂው ራሱ ማታ ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ያሰላና ቤንዚኑን ይተዋል። እስከዚያው ሞተሩን ተዉልን።