ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ፦ የሞተሩ ውሃ የት እንደሄደ ሳይታወቅ ሞተር ስለ መፍታት

ከአንገር ጉቲን ተነሥቶ ወደ ነቀምት የሚጓዝ መኪና በአንድ ጉዞ ውስጥ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። በቆሎ ወይም ሰሊጥ የጫነ አይሱዙም ሆነ ከወንበሩ በላይ ሰው ያሳፈረ ሚኒባስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,350 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኘው ሞቃት ሸለቆ ወጥቶ ከ2,000 ሜትር ወደሚበልጠው የነቀምት ከፍታ ሲያቀና፣ ሞተሩ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል። በዚህ ጊዜ ብረቱን ከመቃጠል የሚጠብቀው በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚዞረው ጥቂት ሊትር ውሃ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ዳገት ላይ የቆመ መኪናና ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ የሚሮጥ ረዳት ለዚህ መንገድ ተጓዦች አዲስ ትዕይንት አይደሉም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የታወቀ ነው። መኪናው እየተለመነ ነቀምት ይደርሳል፤ ጋራዥ ይገባል፤ «ቴስታታው ነው» ይባላል፤ ሞተሩ ይፈታል፤ ጓርኒሲዮኑ ይለወጣል፤ አንድ ቤተሰብ ለወራት ያጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ቀን ይወጣል። አንዳንድ ጊዜም መኪናው ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዳገት ላይ እንደገና ውሃ ጨርሶ ይቆማል፤ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የራዲያተሩ ክዳን ነበርና። በእኛ አስተያየት፣ ውሃው የት እንደሄደ በልኬት ሳይታወቅ መፍቻ መነሣት የለበትም። ይህን ልማድ ማስፋፋትም የጋራዦች ብቻ ሳይሆን የሳይንስ ፋኩልቲዎች ሥራ ጭምር ነው ብለን እናምናለን።

ክዳኑ ክዳን ብቻ አይደለም

እንደሚታወቀው ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ የመፍላት ነጥቡም አብሮ ይወርዳል። በአንገር ጉቲን ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ በ95 ወይም በ96 ዲግሪ፣ በነቀምት ደግሞ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሆኑን ስናስብ፣ በነቀምት የሚተርፈን ከ5 እስከ 11 ዲግሪ ብቻ ነው። ዳገት የሚወጣ ሞተር ይህን ትርፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል።

ከዚህ የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። በውስጡ ያሉት ሞላና ጎማ ውሃው ሲሞቅ የሚፈጠረውን ግፊት እስከ ተወሰነ መጠን አምቀው ይይዛሉ። በክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ከተጻፈ፣ ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ወይም 90 ኪሎ ፓስካል ይይዛል ማለት ነው። የነቀምት የአየር ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ያህል ስለሆነ ድምሩ ወደ 168 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል፤ በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ115 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞላው የደከመ ክዳን ግን ይህን የ22 ዲግሪ ትርፍ ይነጥቀናል። መኪናው ቆሞ ሲታይ የሚንጠባጠብ ነገር የለም፤ ዳገት ላይ ግን ውሃው ፈልቶ በትርፍ ቱቦው በኩል ይወጣል። ሾፌሩም «መኪናዋ ውሃ ትጠጣለች» ይላል።

ይኸው ስሌት ትኩስ ራዲያተር መክፈት ለምን እንደሚያቆስል ያስረዳል። በ110 ዲግሪ የታመቀ ውሃ በነቀምት ከፍታ ላይ ክዳኑ በድንገት ቢነሣለት፣ ከእያንዳንዱ ሊትር 30 ግራም ያህሉ ወዲያውኑ እንፋሎት ይሆናል። መጠኑ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያ እንፋሎት ከ60 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቀሪውን የፈላ ውሃ ወደ ከፋቹ ፊትና ክንድ የሚረጨው ይህ መስፋፋት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ምርመራ የሚጀምረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው።

ውሃ የሚሄድባቸው ሦስት መንገዶች

ውሃ እንዲሁ አይጠፋም። ከሞተር የማቀዝቀዣ ሥርዓት የጎደለ ውሃ የሄደው ከሦስት ቦታዎች ወደ አንዱ ነው፦ ወደ ውጭ፣ ወደ ዘይቱ፣ ወይም ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ በጭስ ማውጫው በኩል። የምርመራ ጥበብ ማለት እነዚህን ሦስት ግምቶች በጥቂት ርካሽ ሙከራዎች መለየት ነው። ጥሩ ሙከራ የሚባለውም ከግምቶቻችን ቢያንስ አንዱን ውድቅ ሊያደርግ የሚችለው ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ እርሳስና ደብተር ነው። በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ጎደለ? የጎደለው ዳገት ላይ ነው ወይስ መኪናው ቆሞ ሲያድር? ቆሞ ሲያድር የሚጎድል ከሆነ ክዳኑ ዋነኛ ተጠርጣሪ አይሆንም፤ ዳገት ላይ ብቻ የሚጎድል ከሆነ ግን ከክዳኑ መጀመር ይገባል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። በጎማ ቱቦዎች መጋጠሚያ፣ በራዲያተሩ ጠርዝና በውሃ ፓምፑ ሥር የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ከታየ፣ ውሃው በዚያ በኩል ወጥቶ እየደረቀ እንደነበር ምስክር ነው። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበ ደግሞ የሚጠረጠረው የካቢኔው ማሞቂያ ነው።

ሦስተኛው የግፊት ሙከራ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በክዳኑ ቦታ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ይታሰራል፤ በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ ብቻ አየር ይሞላል፤ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። የጌጁ ቀስት ከወረደና ውሃ በውጭ ከታየ ቀዳዳው ተገኘ። ቀስቱ ወርዶ በውጭ አንዳች ካልታየ ውሃው ወደ ውስጥ እየሰረገ ሊሆን ይችላል። ቀስቱ ካልተንቀሳቀሰ ግን ሞተሩን ለመፍታት የሚያበቃ ማስረጃ ገና የለንም፤ ተራው ክዳኑን ራሱን የመፈተሽ ነው። ጌጅ፣ የብስክሌት ፓምፕና የጎማ ቫልቭ የተገጠመለት አሮጌ ክዳን ካሉ፣ ይህን መሣሪያ ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ በግማሽ ቀን ይሠራዋል።

አራተኛው ሙከራ የሚመለከተው የተቃጠለ ጋዝን ነው። ነዳጅ ሲነድ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በብዙ አሥር ባር የሚቆጠር ሲሆን የውሃው ግፊት ግን 1 ባር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ ከተበሳ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የታመቀው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። ጠዋት ሲነሣ የሚንቀጠቀጥና ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የሚያወጣ መኪና ምሥጢሩ ይህ ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ግን ጤነኛ ሞተርም ያወጣዋል። ለማረጋገጥ በራዲያተሩ አፍ ላይ ያለው አየር በሰማያዊ የብሮሞታይሞል ብሉ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለበት ፈሳሹ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህ ፈሳሽ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በላቦራቶሪ ትንፋሹን እፍ ብሎ ቀለሙን የሚለውጥበት ፈሳሽ ነው።

ዘይቱስ? የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ነገር ከታየ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት አረፋ ግን አጫጭር ጉዞ በሚያደርግ መኪና ላይ ከእርጥበት ብቻ ሊፈጠር ስለሚችል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ቴስታታ የሌለው ሞተር የሚያስተምረን

«ቴስታታው ነው» የሚለው የተለመደ ፍርድ ፈጽሞ የማይሠራበት አንድ ሞተር አለ፤ እርሱም ሮታሪ ሞተር ነው። የጀርመናዊው የፌሊክስ ዋንክል ሐሳብ የመጀመሪያ ናሙና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ የጃፓኑ ማዝዳ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በኮስሞ ስፖርት፣ ከ1978 ጀምሮም በአር ኤክስ 7 መኪናዎቹ ላይ አውሎታል። በዚህ ሞተር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስቶን የለም፤ በምትኩ ሦስት ማዕዘን ያለው አካል ይሽከረከራል። የብረትና የአሉሚኒየም ክፍሎች እንደ ሳንድዊች ተደራርበው በረጃጅም ብሎኖች ይታሰራሉ። ውሃውን ከማቃጠያው ክፍል የሚለየው በክፍሎቹ መካከል ያለ ቀለበት መሰል ማሸጊያ ጎማ ነው።

አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በሮታሪ ሞተር ውስጥ ነዳጁ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሚቃጠል ያ ወገን ከሌላው ይበልጥ ይሞቃል፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከሞቀም ማሸጊያው ሊጎዳ ይችላል። እርሱን ለመለወጥ ደግሞ ሞተሩ በሙሉ መፈታት አለበት። በአንጻሩ በአሮጌ አር ኤክስ 7 ላይ የውሃው መጉደል ምክንያት ተራ ቱቦ፣ የፓምፕ ጓርኒሲዮን ወይም ክዳን ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ ይህን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ አስቀድሞ ግፊት ይሞላል፣ አረፋ ይመለከታል፣ ግፊቱን ይዞ ካደረ በኋላ ካንዴላዎቹን ፈትቶ እርጥበት ይፈልጋል። መፍታት የመጨረሻው እርምጃ ነው።

የእኛም አሮጌ አይሱዙና ቶዮታ ከዚህ የፊዚክስ ሕግ ውጭ አይደሉም። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቴስታታ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ 0.9 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ከሥሩ ያለው የብረት አካል ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ይረዝማል። ጓርኒሲዮኑ በሁለቱ መካከል ሆኖ ይህን መፋተግ በየቀኑ ይችላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ ሲገለበጥበት ግን መጣመም ወይም መሰንጠቅ ይመጣል። እንግዲህ ያልተመረመረ የክዳን ጥፋት በጊዜ ብዛት እውነተኛ የቴስታታ ጥፋት ይወልዳል።

«ጊዜ የለም» ለሚሉ

ለዚህ አስተያየት የሚቀርበው መቃወሚያ ቀላል አይደለም። ባለመኪናው ለነገ ጭነት ተዋውሏል፤ መካኒኩ ወረፋ አለበት፤ የመሣሪያ ዋጋም ይወደዳል። ልምድ ያለው መካኒክ ድምፅ ሰምቶ ብቻ ጥፋቱን ሲያገኝም አይተናል፤ ይህን ችሎታ አንንቅም። ሆኖም የግፊት ሙከራ የሚወስደው ሩብ ሰዓት ሲሆን ቴስታታ ማውረድና መመለስ ግን ቀናት ይፈጃል። ልምድም ቢሆን የሚታረመው ውጤቱ ሲመዘገብ ብቻ ነው። ያለዚያ አንዱ ጋራዥ ያለውን ሌላው እየደገመ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የተባለው ይደርሳል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ የማሳለፊያውን መንገድ የሚዘጋው ራሱ ቴርሞስታቱ ስለሆነ፣ ከወጣ በኋላ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ይዞራል።

ርካሽ ሙከራ ታላቅ ጥያቄ ሊፈታ እንደሚችል የሳይንስ ታሪክም ይመሰክራል። የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 ከነሰባት ተጓዦቹ ሲጠፋ፣ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በሚቀጥለው ወር በምርመራው ጉባኤ ፊት የማሸጊያውን ጎማ ቁራጭ በማጣበቂያ ብረት ጨምቆ በበረዶ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ጎማው በቅዝቃዜ የመለጠጥ ባሕርዩን እንደሚያጣም አሳየ። የተጠቀመው አንድ ብርጭቆና በረዶ ብቻ ነበር።

ከፋኩልቲው የሚጠበቅ

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ይበልጥ ለረጅም ጊዜ መኖር ይጠበቅባቸዋል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ ነው። የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጥያቄ ከነዳጅ ሞተር ጋር አብሮ የሚያልፍ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ስለ እንፋሎት ግፊት ሲማር በሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን በራዲያተር ክዳንና በጌጅ ይማር፤ ክዳኑ በስንት ባር እንደሚከፈት ለክቶ በከተማው ከፍታ ላይ ውሃው በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ያስላ። ሁለተኛ፣ የኬሚስትሪ ክፍሎች የቀለም መለወጫውን ፈሳሽ አዘጋጅተው ከአጠቃቀሙ ጋር ለጋራዦች ያቅርቡ። የማቀዝቀዣ ቅመም ጥቅም ከብርድ መከላከል ብቻ ሳይሆን ብረቱን ከዝገት መጠበቅ መሆኑን፣ ስለዚህም በወለጋ ሙቀትም አስፈላጊ እንደሆነ በቀላል አማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያስረዱ። ሦስተኛ፣ ጋራዦች ከመፍታታቸው በፊት የግፊት ሙከራውን ውጤት በደረሰኙ ላይ ይጻፉ፤ ባለመኪናውም ይጠይቅ።

ከአንገር ሸለቆ የሚወጣው መኪና የሚጭነው እህል ብቻ አይደለም፤ ወደ ነቀምት ሆስፒታል የምትሄድ ነፍሰ ጡርም ትሳፈርበታለች። እርሷን ዳገት ላይ የሚያስቀራት ጥፋት የአንድ ክዳን ሞላ ከሆነ፣ ያንን ሞላ አስቀድሞ መለካት ከፊዚክስ ትምህርታችን የሚጠበቅ ትንሹ አገልግሎት ነው።